ጂሚ ካርተር፤ የሰርጓጅ መርከብ መኮንንና አባወራ

የጂሚ ካርተር ስም በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በ1978 ግብፅንና እስራኤልን በካምፕ ዴቪድ ያቀራረቡትን፥ ወይም በቴህራን በታገቱት አሜሪካውያን ምክንያት መከራቸውን ያዩትን ፕሬዚደንት ነው። የኦቾሎኒ ገበሬ መሆናቸውንም ያልሰማ የለም። በወጣትነታቸው ከባሕር በታች ተሰውሮ በሚሄድ መርከብ ውስጥ ያገለገሉ መኮንን እንደ ነበሩ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚደንቶች ሁሉ በሰርጓጅ መርከብ ሙያ ተፈትኖ ብቃቱ የተመሰከረለት ከእርሳቸው በቀር ሌላ አልነበረም።

ካርተር ታኅሣሥ 29 ቀን 2024 በኤውሮፓ አቈጣጠር መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ በተወለዱባት ትንሽ ከተማ አረፉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ስለ ፖለቲካቸው ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው መርከበኛውንና ባለትዳሩን ነው። ስለ ልጅነትና ስለ ወጣትነት ሲወራ «አንቱ» ማለቱ ስለማይመች፥ ሹመት ላይ እስኪደርስ ድረስ «እሱ» እንበለው፤ ሽማግሌው በሕይወት ቢኖሩ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ጂሚ የተወለደው ጥቅምት 1 ቀን 1924 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ፕሌንስ በምትባል፥ ነዋሪዋ ከጥቂት መቶዎች በማይበልጥ መንደር ነው። አባቱ ኧርል ካርተር ገበሬና ነጋዴ፥ እናቱ ሊሊያን አስታማሚ ነርስ ነበሩ። ከባሕር ርቆ፥ የመብራት ኃይል ባልገባበት እርሻ ላይ ያደገ ልጅ እንዴት የባሕር ኃይልን ተመኘ? ምክንያቱ አንድ አጎት ነበር። የእናቱ ወንድም ቶም ጎርዲ በባሕር ኃይል የራዲዮ ሠራተኛ ስለ ነበረ ከሩቅ ምሥራቅ ወደቦች ለእኅቱ ልጅ ፖስት ካርድ ይልክለት ነበር። ልጁም ፖስት ካርዶቹን እያየ ወደ አናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ለመግባት ቈረጠ። በአካዳሚው የመግቢያ ደንብ የውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው እንደማይቀበሉ ባነበበ ጊዜ፥ እግሩ ጎብጦ እንዲስተካከልለት በባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ላይ እየቆመ ወዲያና ወዲህ ያንከባልል ነበር። ይህንን ራሱ ጽፎታል።

ጦርነቱ በፓሲፊክ በ1941 ሲነሣ አጎት ቶም በጓም ደሴት በጃፓኖች ተማረከ። ቤተ ሰቡ ሞቷል ተብሎ ተነገረው፤ ሚስቱም ሌላ አገባች። ጦርነቱ ሲያልቅ ቶም በሕይወት ተገኘ። የመርከበኛ ቤት በር ላይ የሚደርሰው መልእክት ምን እንደሚያደርግ ጂሚ ገና ባሕር ሳይገባ ያወቀው ከዚህ ነው።

አናፖሊስ የገባው በ1943 ነው። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርቱ ስላጠረ በ1946 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 7 ቀን የመንደሩን ልጅ ሮዛሊን ስሚዝን አገባ። የሁለቱ ነገር ከትዳራቸውም በፊት የተሳሰረ ነበር፤ ሮዛሊን በ1927 በተወለደች ጊዜ ነርሷ ሊሊያን የሦስት ዓመት ግድም ልጇን ጂሚን አራሷን ቤት ወስዳ ሕፃኒቱን አሳይታዋለች። ሮዛሊን አድጋ የጂሚ እኅት የሩት ጓደኛ ስትሆን፥ በሩት መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የጂሚ ፎቶግራፍ ልቧን እንደ ወሰደው በኋላ ተናግራለች። ቢሆንም መጀመሪያ እንድታገባው ሲጠይቃት እንቢ አለችው። አባቷ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሲሞት ትምህርቷን እንደምትጨርስ ቃል ገብታለት ስለ ነበር ነው። ሁለተኛ ሲጠይቃት እሺ አለች።

የትዳሩ መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ወግ አልነበረም። ጂሚ ለሙከራ በሚያገለግሉ አሮጌ የጦር መርከቦች ላይ ተመድቦ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ባሕር ላይ ይውላል። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሚስት በማታውቀው የወደብ ከተማ ብቻዋን ቤት ትመራለች፤ በ1947 የመጀመሪያው ልጃቸው ጃክ ሲወለድ ደግሞ ሥራው በእጥፍ ሆነ። አለቀሰች፤ ነገር ግን ተማረች። የቤት ኪራዩን፥ የቧንቧ ሠራተኛውን፥ የወሩን ደመወዝ አብቃቅቶ መያዙን ሁሉ ራሷ ቻለችው። እናት ወይም አማት «ይህን አድርጊ፥ ያን ተዪ» የማይሏት ሴት ሆነች። ይህ ነጻነቷ ኋላ ለሚመጣው ጠብ ምክንያት ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

በ1948 ጂሚ ኒው ለንደን ከሚገኘው የሰርጓጅ መርከብ ትምህርት ቤት ገብቶ ስድስት ወር ተማረና ፖምፍሬት በምትባል መርከብ ተመደበ። የዚያን ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ ዛሬ በሲኒማ እንደምናየው አይደለም። ከውሃ በላይ የሚነዳው በናፍጣ ሞተር ነው፤ ናፍጣ ደግሞ አየር ሳያገኝ አይነድም። ስለዚህ መርከቡ ሲሰጥም የሚሄደው በባትሪ ብቻ ነው፤ ባትሪውም ሲደክም ወደ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሥቶ መሙላት ግዴታው ነው። ይህ የሚደረገው ጠላት በማያይበት በሌሊት ስለሆነ፥ ማዕበል ቢኖርም ባይኖርም አንድ መኮንን በላይኛው ማማ ላይ ቆሞ ባሕሩን ይጠብቃል።

ፖምፍሬት በ1948 መጨረሻ ከሐዋይ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ስትጓዝ ከብርቱ ማዕበል ውስጥ ገባች። ጂሚ በባሕር ሕመም ታሞ ሳለ አንድ ሌሊት የጥበቃው ተራ ደረሰው። የብረቱን መደገፊያ ይዞ እንደ ቆመ ከራሱ በላይ የቆመ ማዕበል መጥቶ እጁን አስለቀቀውና አንሥቶ ወሰደው። በውሃው ውስጥ እየዋኘ ሳለ ማዕበሉ ከቆመበት ዐሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወስዶ በመርከቡ መድፍ ላይ ጣለው፤ መድፉን አቅፎ ያዘ። መርከቡ ከማዕበሉ ጋር ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢጓዝ ኖሮ ውሃው የሚጥለው ባሕር ላይ ነበር፤ በዚያ ጨለማ ማንም አያገኘውም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማዕበሉ የመርከቡን ራዲዮ ስለ ጎዳው መስማት እንጂ መናገር አልቻሉም። እነርሱ ዝም ሲሉ ጊዜ አለቆቻቸው ሰጥመዋል ብለው ገመቱ፤ በአካባቢው ላሉ መርከቦችም የፖምፍሬትን ስብርባሪ እንዲፈልጉ ትእዛዝ ተላለፈ። መርከበኞቹ የገዛ ሞታቸውን ዜና በራዲዮ ሰሙት ማለት ነው። በሐዋይ የነበሩ ሚስቶች መርዶው ደርሷቸው ነበር። ሮዛሊን ግን በዚያ ጊዜ ከሕፃኑ ጋር በጆርጂያ ዘመዶቿ ዘንድ ስለ ነበረች ምንም ሳትሰማ አለፈ። በአጎቱ ሚስት ላይ የደረሰው በእርሷም ላይ ሊደርስ እንደ ነበር ያወቀችው ባልዋ ከዳነ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ በሐዋይ ተሰበሰበ። ሮዛሊን ሁላ የሚባለውን የደሴቱን ጭፈራ ተማረች፤ ሁለተኛው ልጅ ቺፕ በ1950 በሆኖሉሉ ተወለደ። ሦስተኛው ጄፍ በ1952 በኒው ለንደን ሲወለድ ጂሚ ኬ አንድ በተባለች አዲስ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ኬ አንድ የተሠራችው ባሕር ውስጥ ድምፅዋን አጥፍታ የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ኮቴ ለማዳመጥ ነው።

በዚያን ዘመን ፕሬዚደንት ትሩማን በ1948 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ጥቁርና ነጭን መለየት ቀርቶ ነበር። መርከቢቱ ናሳው በተባለችው የባሐማ ደሴቶች ከተማ ወደብ ስትደርስ በዚያ የነበሩ የእንግሊዝ ሹማምንት መርከበኞቹን ለግብዣ ጠሩ፤ ጥቁሩ ጓደኛቸው ግን እንዳይመጣ ተባለ። መርከበኞቹ ተማክረው ግብዣውን አንቀበልም አሉ። ጂሚ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ይህን ታሪክ በኩራት ለወላጆቹ አወራ። አባቱ ምንም ሳይመልስ ተነሥቶ ወጣ። በዚያ ምድር የዘር ልዩነት እንደ ሕግም እንደ ሃይማኖትም ይቆጠር ስለ ነበር አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ ማንሣት ተዉ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ሰርጓጅ መርከብ ጠባብ ነው፤ በአንድ አልጋ ሁለትና ሦስት ሰው ተራ በተራ ይተኛል፤ አንዱ የተሳሳተ ቧንቧ ቢከፍት ሁሉም ይሰጥማል። በእንዲህ ያለ ቤት የኖረ ወጣት የጓደኛውን የቆዳ ቀለም እየመረመረ መኖር አይሆንለትም።

በ1952 ደግሞ የአቶም ኃይል መጣ። ካፒቴን ሃይማን ሪኮቨር አየር የማይፈልግ፥ ስለዚህም ለብዙ ሳምንታት ሳይወጣ ሊቆይ የሚችል በኒውክሌር ኃይል የሚነዳ ሰርጓጅ መርከብ ያሠሩ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚፈልጉትን መኮንን ሁሉ ራሳቸው ይፈትናሉ። ጂሚን ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀምጠው በፈለገው ርእስ ሁሉ አነጋገሩት፤ በየርእሱም ከእርሱ ይልቅ እርሳቸው እንደሚያውቁ እያሳዩ አላቡት። በመጨረሻ በአናፖሊስ ስንተኛ እንደ ወጣ ጠየቁት። ከ820 ተማሪዎች 59ኛ መውጣቱን ደረቱን ነፍቶ ነገራቸው። ምስጋና ሲጠብቅ፥ ያለህን አቅም ሁሉ አውለህ ነው ወይ የተማርኸው? አሉት። «አዎን» ሊል ጀመረና የተዘናጋበትን ሰዓት አስታውሶ፥ ሁልጊዜ እንኳ አይደለም ብሎ መለሰ። ሪኮቨርም ለምን? ብለው ጠይቀው ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡት። መልስ አላገኘም፤ ተነሥቶ ወጣ። ሥራውን ግን ሰጡት። ከሃያ ዓመት በኋላ ለፕሬዚደንትነት ሲወዳደር ላሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በሕይወቱ ላይ ከአባቱ ቀጥሎ እንደ ሪኮቨር ያደረበት ሰው እንደሌለም ተናግሯል።

ሪኮቨር ምርመራ ሲያደርጉ ጉድለት ካገኙ ይናገራሉ፤ ካላገኙ ዝም ብለው ይሄዳሉ። አለቃው ስላላመሰገነው የሚያኰርፍ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ካለ፥ በዚህ ሰው ሥር ቢሠራ ኖሮ ዝምታን እንደ ሽልማት መቁጠር ይማር ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1952 ቾክ ሪቨር በተባለው የካናዳ የምርምር ጣቢያ የኒውክሌር ማብላያው ተበላሽቶ ከውስጡ ያለው ነዳጅ ቀለጠ፤ ጨረር የበከለው ውሃም ምድር ቤቱን ሞላው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለው ቦታ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፥ የሃያ ስምንት ዓመቱ ጂሚ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች አስከትሎ እንዲረዳ ተላከ። ሥራው ማብላያውን በእጅ መፍታት ነው። ግን ሰው እዚያ ውስጥ ሊቆይ የሚችለው ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው።

እንዴት ተሠራ መሰላችሁ? በአቅራቢያው ባለ የቴኒስ ሜዳ ላይ የማብላያውን አምሳል አቆሙ። ሦስት ሦስት ሆነው፥ ነጭ የመከላከያ ልብስ ለብሰው፥ የብሎን መፍቻቸውን ይዘው እየሮጡ እየገቡ በአምሳሉ ላይ ይለማመዳሉ፤ የትኛውን ብሎን ማን እንደሚፈታ፥ እግሩን የት እንደሚያኖር እስኪያውቁ ድረስ። ከዚያ ወደ እውነተኛው ይወርዳሉ። ከውስጥ አንድ ብሎን በተፈታ ቍጥር በሜዳው ላይ ካለው አምሳልም ያው ብሎን ይፈታል፤ ተከታዮቹ የሚያገኙትን ሳይሳሳቱ እንዲለማመዱ ነው። ጂሚ ድርሻው 89 ሴኮንድ ነበር። በዚያች አፍታ የወሰደው ጨረር ዛሬ ከሚፈቀደው እጅግ የበዛ ስለ ነበረ ለስድስት ወር ያህል ሽንቱ በምርመራ ጨረር ይገኝበት ነበር። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት አባት ነው፤ ሆኖም ይህን ሲያወራ ጀግንነት አላደረገውም፤ ሥራ ነበር ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ በ1953 የነበረው ጂሚ እንዲህ ያለ ነው። ከሁለተኛው የአቶም ሰርጓጅ መርከብ፥ ከሲዎልፍ መኮንኖች አንዱ እንዲሆን ታጭቷል፤ ስኬኔክታዲ በተባለች የኒው ዮርክ ከተማ መርከበኞቹን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል። መንገዱ ወደ አድሚራልነት የቀና ነው። ሮዛሊንም ደስ ብሏታል።

በዚህ መካከል አባቱ በካንሰር ታመመ። ጂሚ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ፕሌንስ ሄዶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ከቤት ርቆ ስለ ነበረ አባቱን እምብዛም አያውቀውም። አሁን በበሩ ላይ የሚመጣውን ሰው ያያል፤ ጥቁርም ነጭም፥ አንዱ ዶሮ አንዱ ኬክ ይዞ፥ አንዱም እንባውን ብቻ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱም ኧርል ካርተር በስውር ያደረገለትን ይናገራል። ለአንዱ ዕዳውን ትቶለታል፤ ለሌላዋ ልጅ የምረቃ ልብሷን ገዝቶላታል። በዘር ነገር ከልጁ ጋር መነጋገር ያቃተው ያ ሰው ለጥቁር ጎረቤቶቹ ይህን ያደርግ እንደ ነበር ልጁ አላወቀም። ሰው አንድ ወጥ አይደለም፤ ጂሚም ይህን አባቱን ሲቀብር ተማረ። እኔ አድሚራል ሆኜ ብሞት እንዲህ የሚያለቅስልኝ ማን ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ። አባቱ በሐምሌ ወር ሞተ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥሩ ወንበር ያገኘ ወጣት ከአገር ቤት «አባትህ አርፏልና መሬቱን የሚይዝ የለም» የሚል መልእክት ሲመጣበት በልቡ የሚሆነውን ከአንባብያን ብዙዎቹ ያውቁታል። አንዱ የወር ደመወዝ ይልካል፤ አንዱ ዘመድ ይወክላል። ጂሚ ግን ሹመቱን ጥሎ ለመመለስ ወሰነ። ስሕተቱ ወደ አገሩ መመለሱ አይደለም፤ ብቻውን መወሰኑ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ቤት ያቆመችውን ሴት ሳያማክር ነገሩን ከቈረጠ በኋላ ነገራት።

ሮዛሊን ተቈጣች፤ ጮኸች፤ አለቀሰች። ለእርሷ ፕሌንስ ማለት እንደ ገና የሁለት እናቶች ልጅ መሆን ማለት ነው። ያም ሆኖ ባሏ አልተመለሰም። በጥቅምት 1953 ከባሕር ኃይል ተሰናብቶ ዕቃቸውን ጭነው ሦስቱን ልጆች ይዘው ወደ ደቡብ ሲነዱ፥ ያንን ሁሉ መንገድ ሮዛሊን አላነጋገረችውም ማለት ይቻላል። መኪናው እንዲቆም ስትፈልግ እንኳ ለአባትህ ንገረው እያለች በስድስት ዓመቱ ጃክ በኩል ታስተላልፍ ነበር። በባሕር ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ መጓዝን የተማረው መኮንን ከዚህ የበለጠ ዝምታ ያየ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ዓመት ዝናም ጠፋ። ለመንግሥት በተሠሩ የአነስተኛ ኪራይ ቤቶች ውስጥ ገቡ፤ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬ በብድር ይሸጡ ስለ ነበር ገበሬው ያመረተው ሲጠፋ ዕዳውም አብሮ ጠፋ። የዓመቱ ትርፍ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም። ጂሚ ማዳበሪያውን በትከሻው እየተሸከመ ይጭናል። ታዲያ አንድ ቀን መጋዘኑን የሚጠብቅ ሰው ስለ ጠፋ ሮዛሊንን ስልክ እንድታነሣለት ለመናት። መጣች። ከዚያ የሒሳብ መዝገቡን ማየት ጀመረች፤ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ተውሳ አጠናች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ንግድ እንደሚያተርፍና የትኛው መተው እንዳለበት የምትነግረው እርሷ ሆነች። ትዳራቸው እንደ ገና የተመሠረተው በዚያ መጋዘን ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአካባቢው የነጮች የበላይነት እንዳይነካ የሚታገል ማኅበር ተቋቁሞ ነጋዴዎቹ ሁሉ አባል ሲሆኑ ጂሚ እንቢ አለ። የአባልነቱ መዋጮ አምስት ዶላር ብቻ ስለሆነ እንክፈልልህ ቢሉትም አልተቀበለም። ደንበኞቹ ለጊዜው ቢሸሹትም ኋላ ተመለሱ። ባልና ሚስቱ ይህን በአንድ ልብ ነበር የቻሉት።

ይሁን እንጂ ሰው ቶሎ አይለወጥም። በ1962 ጥቅምት 1 ቀን፥ ሠላሳ ስምንተኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፥ በሥራ ልብሱ ፈንታ የክት ሱሪውን ሲለብስ ሮዛሊን አይታ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ለጆርጂያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመወዳደር ሊመዘገብ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ በፊት አንድ ቃል አልነገራትም ነበር! ሽማግሌ ከሆኑ በኋላ ይህን ሲያስቡ እንዴት እንዲህ አደረግሁ እያሉ ይገረሙ ነበር። ይህ ግን ሳያማክሯት ካደረጓቸው ትልልቅ ነገሮች የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

በ1977 ፕሬዚደንት ሲሆኑ ወይዘሮ ሮዛሊን በሚኒስትሮች ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር፤ ጋዜጦቹም አጉረመረሙ። በየሳምንቱ ባልና ሚስት ለብቻቸው ምሳ እየበሉ በመንግሥት ጉዳይ ይነጋገሩ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ካርተር ባለቤታቸውንና የቀድሞ አለቃቸውን ሪኮቨርን ይዘው ሎስ አንጀለስ በተባለችው የአቶም ሰርጓጅ መርከብ ባሕር ውስጥ ገቡ፤ አሁን አዛዡ ተማሪው ነበር። በ1979 በመጋቢት ሦሪ ማይል አይላንድ በተባለው የፔንሲልቫኒያ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስና ሕዝቡ ሲሸበር፥ በአራተኛው ቀን ሁለቱም አብረው ወደ ጣቢያው ገቡ። በማብላያ ውስጥ ብሎን የፈታ ሰው የሚፈራውንና የማይፈራውን ለይቶ ያውቃል።

በ1980 ምርጫውን ተሸንፈው ሲመለሱ ቤታቸው ያው የፕሌንስ ቤት ነበር። የቀረውን ዘመናቸውን በአትላንታ ባቋቋሙት የካርተር ማእከል ሥራ አሳለፉት። ለእኛም አገር የታወቁት በዚህ ነው። በ1989 በደርግ መንግሥትና በሻዕቢያ መካከል በመጀመሪያ በአትላንታ ቀጥሎም በናይሮቢ ውይይት አድርገው ነበር፤ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። በጋምቤላ ሰዎችን ሲያሠቃይ የኖረውን የጊኒ ትል ለማጥፋት የተደረገው ሥራ ግን ሠምሯል ማለት ይቻላል። በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ትል ይያዝ ነበር፤ ካርተር ባረፉበት ዓመት የተገኙት በሽተኞች ዐሥራ አምስት ብቻ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት የመጨረሻው ትል ሲሞት ለማየት ተመኝተው ነበር፤ ለጥቂት አመለጣቸው።

ትዳራቸው ግን በሽምግልናም ፈተና አላጣም። በ1987 አንድ መጽሐፍ አብረው ሲጽፉ ያንኑ ነገር ሁለቱ ፈጽሞ በተለያየ መንገድ ስላስታወሱት ሊጣሉ ደረሱ፤ መነጋገር አቁመው በጽሑፍ ብቻ ይላላኩ ነበር ይባላል። በኋላ አሳታሚው የማይስማሙበትን አንቀጽ ለየብቻቸው እንዲጽፉትና በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል እንዲለዩት አደረገ። ማታ ማታ ግን መጽሐፍ ቅዱስን አንዱ ለአንዱ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር፤ ቋንቋውን እንዳይረሱት ብለው በስፓኒሽ።

በ2004 የባሕር ኃይሉ በካርተር ስም የተሠራውን አዲስ ሰርጓጅ መርከብ ሲመርቅ፥ በመርከቧ አፍንጫ ላይ ጠርሙሱን የሰበሩት ወይዘሮ ሮዛሊን ነበሩ። አንድ ጊዜ ባሕር ኃይሉን ለቅቀን አንሄድም ብለው ያለቀሱት እርሳቸው ስለሆኑ፥ ተገቢው ሰው ነው።

ወይዘሮ ሮዛሊን በኅዳር 2023 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው፥ በትዳር ሰባ ሰባት ዓመት ከኖሩ በኋላ ዐረፉ። በአትላንታ በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት የዘጠና ዘጠኝ ዓመቱ ባላቸው በተሽከርካሪ ወንበር ተደግፈው፥ የሁለቱ ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ለብሰው ከፊት ተቀምጠው ነበር። መናገር አልቻሉም። ስለዚህ በ1967 የተወለደችው ሴት ልጃቸው ኤሚ ተነሥታ፥ አባቷ ለእናቷ የጻፈውን ደብዳቤ አነበበች። ደብዳቤው የሰባ አምስት ዓመት ዕድሜ አለው፤ የተጻፈው ጂሚ በባሕር ኃይል ሳለ ነው። ከአንቺ ተለይቼ በተመለስሁ ቍጥር ምን ያህል ድንቅ እንደሆንሽ እንደ አዲስ አገኘዋለሁ የሚል መንፈስ ነበረው። ሽማግሌው በወንበራቸው ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር።